ፊቱን ያዞረው ሽመላ

ሉቤክ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1961

ለተከበሩ ወይዘሪት ሄድቪግ ቮን ኦርተን፤

ሳንተዋወቅ ስምዎን ጠርቼ መጻፌ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እየሰጋሁ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እግዚአብሔር ቤትዎን በሰላም ይጠብቅልዎ። እኔና ወንድሜ ደህና ነን።

ስሜ ኦቲሊ ቮን ኦርተን ይባላል። ዕድሜዬ ስልሳ ሦስት ነው። ከወንድሜ ከቮልዴማር ጋር እዚህ ጀርመን አገር፣ ሉቤክ ወደብ አጠገብ እንኖራለን። እሱ ሰዓት ይጠግናል፣ እኔ ሱቁን እጠብቃለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ ረስቶት በሄደ የስዊድን መጽሔት ላይ ስለ አጎትዎ ስለ ባሮን ቱሬ የተጻፈ አየሁ፤ የእርስዎንም ስም ያገኘሁት እዚያው ነው። ዘጠና አንድ ዓመታቸው እንደሆነና የኦርተን ቤት የመጨረሻው ወንድ እሳቸው እንደሆኑ ይላል። ሲያርፉም በመኳንንቱ ወግ መሠረት የቤቱ ምልክት የተሣለበት ጋሻ ሬሳ ሣጥናቸው ላይ በመዶሻ ተሰብሮ፣ «ይህ ዘር ዛሬ አልቋል» ተብሎ ይታወጃል ይላል። መዶሻውንም አስቀድመው አሠርተው፣ እሱን ይዘው ፎቶ ተነሥተዋል።

ወይዘሪት ሄድቪግ፣ ወንድሜም ኦርተን ነው። ይህን ስጽፍ ከጀርባዬ ተቀምጦ የሰው ሰዓት እየፈታ ነው። እኛ የዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ከዚያ ቤት ወጥቶ ኢስቶኒያ የገባው የካስፐር ልጆች ነን። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድሜ እየተነፈሰ ቤቱ ሞተ ተብሎ እንዳይታወጅበት። ጋሻው እንዳይሰበር።

መልስዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ኦቲሊ ቮን ኦርተን


ኦርተንሆልም፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1961

ለተከበሩ ወይዘሪት ኦቲሊ፤

ደብዳቤዎ ሲደርስ እጄ በሊጥ ተለውሶ ነበርና ፖስታው ላይ ሊጥ እስኪደርቅበት ድረስ ቆሜ ሳነበው ቆየሁ። እርስዎ እንደምን ነዎት? ወንድምዎስ? ወደብ አጠገብ ነፋሱ ከባድ ነው ይላሉ፣ ደረትዎን ይሸፍኑ። እኛ ደህና ነን። አጎቴ ዛሬ ጠዋት ገንፎው ቀጥኗል ብለው ተቆጥተውኛል፤ እሳቸው ሲቆጡ ደህና ናቸው ማለት ነው። ዝም ሲሉ ነው የምደነግጠው።

እኔ ብዙም አልተማርኩም፣ በጽሑፌ እንዳይስቁብኝ። የምሠራው በሰፈሩ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው። ትልቁ ቤት ከተሸጠ ቆይቷል፤ እኔና አጎቴ የምንኖረው ድሮ የአትክልተኛው በነበረው ቤት ነው። ባሮን የሚላቸው መጽሔቱና ፖስተኛው ብቻ ነው፣ ፖስተኛውም ለቀልድ ነው።

አጎቴ የቤታችንን ዘር ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ እንደ ዛፍ ሥለውታል። በሕይወት ያለው ሰው አረንጓዴ ቅጠል አለው፤ ሲሞት እሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው በጥቁር ይቀቡታል። ወደ ዴንማርክ የሄደው ቅርንጫፍ በሦስት ሴቶች ልጆች አበቃ። የሆላንዱ ከመርከብ ላይ ወድቆ ባሕር በላው። የእርስዎ ካስፐር ደግሞ በ1710 ኢስቶኒያ ውስጥ በወረርሽኝ፣ ልጅ ሳይወልድ ሞተ ተብሎ ከእኔ መወለድ በፊት ጀምሮ ጥቁር ነው። አረንጓዴ ሆኖ የቀረው የአጎቴ ቅጠል ብቻ ነው። የእኔስ ካሉኝ፣ ሴት ቅጠል አይሣልላትም። እዚያው ዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ ድንች እየላጥኩ ዘራችን አለቀ ሲባል እሰማለሁ።

እንግዲህ ላምንዎ እወዳለሁ። ነገር ግን የዛሬ አራት ዓመት አንድ ጺሙን ያሳመረ ሰው ከሆላንድ መጥቶ የአጎትሽ ልጅ ነኝ አለኝ፣ ሳምንት ሙሉ በጭስ ያደረቅሁትን ሥጋ ሲበላ ከርሞ ሁለት የብር መቅረዝ ይዞ ጠፋ። ስለዚህ ሁለት ነገር ብጠይቅዎ አይቀየሙኝ። የቤታችን ጋሻ ላይ ያለው ሥዕል ምንድነው? ሁለተኛው፣ ካስፐር ሲሄድ የአባቱን የማኅተም ቀለበት ሰርቆ ነው የሄደው ይላሉ አጎቴ። ስለ እሱ ቀለበት የሚያውቁት አለ?

ለአጎቴ ገና አልነገርኳቸውም። ደብዳቤው የማን ነው ሲሉኝ የአበባ ዘር ሻጮች ናቸው አልኳቸው። እግዚአብሔር ይጠብቅዎ።

ሄድቪግ


ሉቤክ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1961

ለተከበሩ ወይዘሪት ሄድቪግ ቮን ኦርተን፤

ጤና ለእርስዎና ለአጎትዎ ይሁን። መልሴ የዘገየው ሁለት ጊዜ ጀምሬ ስለቀደድኩት ነው።

ካስፐር በወረርሽኙ አልሞተም። የሞተችው የመጀመሪያ ሚስቱ ናት። እሱ ተርፎ የወፍጮ ቤት ባለቤት ልጅ አገባ። ከዚያ የዘመኑ ጦርነት አገሩን ከስዊድን ወስዶ ለሌላ ንጉሥ ሰጠውና ወደ ስዊድን ደብዳቤ መላክ ቀረ። ከእሱ እስከ አባቴ ድረስ ሁሉም የተቀበሩት ታርቱ አጠገብ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። እኛን በ1939 የጀርመን መንግሥት ከዚያ አንሥቶ ፖላንድ ውስጥ አሰፈረን፣ በ1945 ደግሞ ሸሽተን እዚህ ደረስን። ወረቀቶቻችን መንገድ ላይ በቀረው ጋሪ ውስጥ ነበሩ።

ጋሻውን በተመለከተ አያቴ የሣለው አንድ ሥዕል ተርፎናል። በእጄ ቀድቼ ልኬልዎታለሁ። በአንድ እግሩ የቆመ ሽመላ ነው፣ አፉ ውስጥ ዓሣ አለ፣ ፊቱ ወደ ግራ ነው።

ስለ ቀለበት የማውቀው ነገር የለም።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከቤተ ክርስቲያናችሁ ወለል በታች ባለው የቤተሰቡ መቃብር ውስጥ ቦታ አለ?

ኦቲሊ ቮን ኦርተን


ኦርተንሆልም፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1961

ለወይዘሪት ኦቲሊ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ ነገር መደበቅ ስለማልችልበት የሆነውን እንደሆነ እጽፍልዎታለሁ።

ደብዳቤዎን ለጎረቤቴ ለማርታ አነበብኩላት። ማርታ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አእምሮዋ እንደ ምላጭ ነው። ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች።

«ወደ ግራ ነው የሚያየው?» አለችኝ።

«ወደ ግራ።»

«የእናንተስ?»

«ወደ ቀኝ ነዋ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስብከቱ ሲረዝምብኝ የማየው እሱን አይደለም እንዴ?»

«እንግዲያውስ የዘመድ ነገር አበቃ» አለችና ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «አንቺ እኮ የሆላንዱንም አፍንጫው አባቴን ይመስላል ብለሽ ነው ሥጋሽን ያበላሽው። መጀመሪያ ጋሻውን አሉሽ፣ ቀጥሎ መቃብሩን አሉሽ። ለገና ደግሞ አልጋሽ ላይ ተኝተው ታገኚያቸዋለሽ።»

ልከራከራት ፈልጌ ነበር፤ ግን ሽመላው በቤተ ክርስቲያኑ ጋሻ ላይ ወደ ቀኝ ነው። በአያቴ መቃብር ድንጋይ ላይ ወደ ቀኝ ነው። በታተመው የመኳንንት መጽሐፍ ውስጥም ወደ ቀኝ ነው፤ ያንን መጽሐፍ የትም ትልቅ ከተማ ያገኙታል፣ ሉቤክም አይጠፋም። ሊያታልሉኝ ካሰቡ እሱን እንኳ አለማየትዎ ነው የገረመኝ።

የመቃብሩንም ጥያቄ አልወደድኩትም። አጎቴ ገና በሕይወት ናቸው። ሳል ጀምሯቸዋል፣ በዚህ ሰሞን ደግሞ ስለ ገንፎው ምንም አይሉም። ሰው እንደዚህ እያለ ስለ መቃብር ቦታ ይጠየቃል?

ወግ ወግ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ጋሻው ይሰበራል። ይቅርታዎን።

ሄድቪግ ቮን ኦርተን


ሉቤክ፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1961

ለወይዘሪት ሄድቪግ ቮን ኦርተን፤

ለአጎትዎ ምሕረትን እመኛለሁ።

ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ያለኝ ሥዕል ወደ ግራ ስለሚያይ ወደ ግራ አልኩ። ወደ ቀኝ ብል ደስ እንደሚልዎ ባውቅም የምለው ያንኑ ነበር።

መቃብሩን የጠየቅሁት ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁኝ ፈረዱ። አባቴ ያለው ኢስቶኒያ ነው፤ ድንበሩን ማንም አያሻግረንም። ታናሽ እህቴ ያለችው ፖላንድ ነው፤ በመቃብሯ ላይ አሁን መንገድ ሠርተውበታል ይባላል። እናቴን በጃንዋሪ 1945 መንገድ ዳር፣ በረዶ ውስጥ ትተናት ነው የመጣነው፤ ቦታውን ብትወስዱኝ አላውቀውም። ወንድሜ ሳንባው ደካማ ነው። ስማችን የተጻፈበት ድንጋይ በዓለም ላይ የቀረው እናንተ ዘንድ ብቻ ነው። ለዚህ ነው የጠየቅሁት።

ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም።

ኦ. ቮን ኦርተን


ኦርተንሆልም፣ ዲሴምበር 16 ቀን 1961

ለኦቲሊ፤

አጎቴ ሐሙስ ዕለት አረፉ። ቁርሳቸውን በልተው፣ ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዙረው፣ እንደተቀመጡ። ነፍሳቸውን ይማር። ቀብሩ ዲሴምበር 29 ነው።

ከእንግዲህ አንቺ እልሻለሁ፤ ለምን እንደሆነ አሁን ታያለሽ።

ከመሞታቸው አንድ ቀን በፊት ሥዕልሽን መሳቢያ ውስጥ አገኙት። እነዚያ የአበባ ዘር ሻጮች ሽመላም ይሸጣሉ እንዴ አሉኝና ሁሉንም ነገርኳቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። ሥዕሉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ካዩት በኋላ፣ «ታዲያ ቀለበታችን የት አለ ትላለች?» ብቻ አሉ። አታውቅም አልኳቸው። በአፍንጫቸው ሳቁ። እኔም የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ዛሬ ለቀብሩ እንግዶች ብስኩት ልጋግር ጀመርኩ። በእንጨት ቅርጽ የሚታተም ብስኩት አለን፤ ማርታ ያዋሰችኝ ቅርጽ አውራ ዶሮ የተቀረጸበት ነው። ሊጡ ላይ ጫንኩት፣ አነሣሁት። እንጨቱ ላይ ያለው ዶሮ የሚያየው ወደ መስኮቱ ነው። ሊጡ ላይ የወጣው ዶሮ ግን የሚያየው ወደ በሩ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ይህንን ብስኩት ስጋግር ኖሬ አንድ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። ደግሜ ጫንኩት። ያው ነው። ማርታን ጠራኋትና አሳየኋት።

«ዶሮው ዞረ» አልኳት።

«ማኅተም ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» አለች። ከዚያ የያዘችውን ትሪ አስቀመጠችና ወንበር ሳበች።

እንግዲህ ስሚኝ፣ ኦቲሊ። ከመጽሐፍ የሚቀዳ ሰው ወደ ቀኝ ይሥላል። ከጋሻው፣ ከድንጋዩ የሚቀዳም ወደ ቀኝ ይሥላል። ሽመላችን ወደ ግራ የሚያይበት ቦታ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ሰሙ ላይ ቀና ብሎ እንዲወጣ ተገልብጦ የተቀረጸበት የማኅተም ቀለበት። አያትሽ ያንን ሥዕል የሣሉት ቀለበቱን እያዩ ነው። ማኅተም ማድረግ ቀርቶባቸው ስለነበር መገልበጡን አላወቁም። እንደዚህ ያለ ስሕተት ሊሳሳት የሚችል የካስፐር ልጅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዋሽተሽኛል። ስለ ቀለበቱ ዋሽተሽኛል፤ ስለ ደሙ ግን እውነትሽን ነው። በውሸትሽ ልቆጣ ወይስ በራሴ ልፈር ገና አልወሰንኩም።

አሁን ያለው ችግር ይህ ነው። በእኔ ቃል ብቻ ቄሱ ወጉን አያስቀሩም። ጋሻው ከመሰበሩ በፊት ከዚህ ቤት ወንድ አለ ወይ ብለው ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ፤ መመለስ ያለበትም እሱ ራሱ እንጂ ሌላ ሰው አይደለም። ማንም ካልመለሰ የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ኤስኪል መዶሻውን ያነሣል። አንዴ ከተሰበረ ከዚያ በኋላ መጥታችሁ ብታለቅሱ ጥቅም የለውም።

ወንድምሽ ይምጣ። ቀለበቱም ይምጣ።

ሄድቪግ


ሉቤክ፣ ዲሴምበር 21 ቀን 1961

ለሄድቪግ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። አጎትሽ በአፍንጫቸው መሳቃቸውን ሳነብ ባውቃቸው ኖሮ አልኩ።

ቀለበቱ ወንድሜ ጣት ላይ ነው። አባቴ ሲሞት፣ ለስዊድኖቹ እንዳታሳዩ፣ ሌቦች ይሏችኋል ብሎ አስምሎናል። አንቺም በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሰርቆ የሚል ቃል ጻፍሽ። እንዴት ብዬ ልመልስ? እኛ ቤት ሲወራ የኖረው ካስፐር አልሰረቀም፣ አባቱ በር ላይ ከጣቱ አውልቆ ሰጠው ነው። የትኛው እውነት እንደሆነ እንዳይነግሩን እንግዲህ ሁለቱም የሉም።

ቮልዴማር እንደምጽፍልሽ አያውቅም ነበር። ትናንት ነገርኩት። «ሰውየው ሳይሞቱ ነው ስለ ቀብራቸው የጻፍሽው?» አለኝና እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። ዛሬ ጠዋት ግን ጫማውን ሲወለውል አገኘሁት።

በቀብሩ ዋዜማ፣ ሐሙስ ማታ፣ በመርከብ ይነሣል። እኔ በኖቬምበር ወድቄ ዳሌዬ ተሰብሯልና መምጣት አልችልም። አንቺን አምኜ ብቻውን ነው የምልከው። ረጅም ነው፣ ግራጫ ካፖርት ለብሷል፣ ሰው ፊት መናገር ከልጅነቱ ጀምሮ ይቸግረዋል። ሳሉን ካየሽ ትኩስ ነገር ስጪው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። የጠራሽው ቀለበቱን ልትወስጂ ከሆነ በከንቱ ነው። ጣቱ አብጦበታልና በሳሙና እንኳ አይወልቅም።

ኦቲሊ


ኦርተንሆልም፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1962

ለእትዬ ኦቲሊ፤

ዳሌሽ እንዴት ነው? ብርዱ አይመታሽ፣ በሱፍ ጠቅልይው። ወንድምሽ እስካሁን ያልተመለሰው እኔ አስቀርቼው ነው፣ አትሥጊ። ሳሉም ቀንሶለታል። ግን እሱ በደብዳቤው «ሁሉም ደህና ሆነ» ብሎ ብቻ እንደጻፈልሽ ሲነግረኝ ተናደድኩ። እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። እኔ ልንገርሽ።

የዚያን ዕለት ጭጋግ ነበረና መርከቡ ዘገየ። መዝሙሩ ተጀመረ፣ ወንድምሽ የለም። ማርታ በክርኗ እየጎሰመችኝ፣ «የሆላንዱ እንኳ በሰዓቱ ነው የመጣው፣ ይሄኛው ሰዓት ጠጋኝ ነኝ ይላል» ትለኛለች። አታለሉሽ፣ ደግመው አታለሉሽ አልኩ ለራሴ። ቄሱ ስብከቱን ሊጨርሱ ሲሉ በሩ ተከፈተ፤ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ገብቶ የመጨረሻው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ዞሬ አየሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ አፍንጫው የኛ አይደለም።

ኤስኪል ጋሻውን ከግድግዳው አውርዶ ሣጥኑ ላይ አቆመው። ቄሱ፣ «ከዚህ ቤት ወንድ አለ?» አሉ። የዝናቡ ድምፅ ብቻ። ደግመው ጠየቁ። ወንድምሽ ብድግ አለ፣ አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም። ማርታ፣ «ምላሱን ያዘው» አለችኝ በሹክሹክታ። ቄሱ አርጅተዋል፣ ከሩቅ አያዩም። ሦስተኛውን ጠየቁ። ኤስኪል መዶሻውን አነሣ።

እኔ ተነሥቼ ልጮህ ነበር፣ ወግ ይሁን ወግ አይሁን። ግን እሱ መራመድ ጀምሮ ነበር። በመሐል ወለል ላይ እየሳለ መጣ፣ ከሣጥኑ ራስጌ ካሉት ሻማዎች አንዱን አነሣ፣ ዘቅዝቆ ሰሙን ክዳኑ ላይ አንጠባጠበ። ትንሽ ጠበቀ፣ አንቺ እንደምታውቂው ሰዓት ሲፈታ እንደሚጠብቀው ይሆናል። ከዚያ ጣቱን አጥፎ ቀለበቱን ጫነበት።

ቄሱ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። ሰሙን አዩ፣ ጋሻውን አዩ፣ እንደገና ሰሙን አዩ።

«ወደ ቀኝ ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ያን ጊዜ ነው ድምፁ የወጣለት። «አለ» አለ። በቃ፣ ይህችን ብቻ። ኤስኪል መዶሻውን አስቀመጠና ክንዴንም አሞኝ ነበር አለ። ማርታ አላለቀስኩም ትላለች፣ መሐረቤን ግን እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም።

ጋሻው ተመልሶ ተሰቅሏል። ለአጎቴ ግን አዘንኩላቸው፤ የመጨረሻው መሆን ይወዱ ነበር። ስለዚህ ሣጥኑ ሲወርድ ያቺን መዶሻ ጎናቸው አስቀመጥኩላቸው። ኤስኪል እስከ ዛሬ ይፈልጋታል። ለሰው እንዳትነግሪ።

ወንድምሽ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዓት ከፍቶ ተቀምጧል፤ ከጦርነቱ ጀምሮ ቆሞ ነበር። በየቀኑ ነገ ያልቃል ይላል፣ እኔም ገንፎውን እወስድለታለሁ። ቀጥኗል ይለኛል።

እኔ ደግሞ መሰላል ላይ ወጥቼ የካስፐርን ቅጠል አረንጓዴ ቀባሁት። ሞቷል፣ አውቃለሁ፣ ግን ሳይሞት ስለገደሉት ትንሽ ይቆይለት ብዬ ነው። ከእሱ በታች የቮልዴማርን ሣልኩ። ጎኑ የአንቺን፣ ወዲያ ማዶ የእኔን። ማርታ ከታች መሰላሉን ይዛ፣ «ሴት ቅጠል አይሣልላትም አላልሽም?» አለችኝ። «ሠዓሊው ሞተዋል» አልኳት።

ደግሞ አንድ ነገር፣ ቀለበቱን በሳሙና ሞክሬዋለሁ። ለመውሰድ አይደለም፣ እንዲያው እውነትሽን መሆኑን ለማየት። አይወልቅም።

በኦክቶበር ስለ መቃብሩ ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ ቀርቻለሁ። ቦታ አለ፣ እትዬ። አጎቴን ስናወርድ ገብቼ አይቻለሁ፤ ደረቅ ነው፣ ለሦስታችን ይበቃል። የእናትሽንም ስም ድንጋዩ ላይ እንዲጽፍ ለድንጋይ ጠራቢው ነግሬዋለሁና ስሟን እንዴት እንደምትጽፍ ላኪልኝ። እናንተ ግን እንዳትቸኩሉ። መጀመሪያ ዳሌሽ ይዳንና በጸደይ ነይ፤ ያኔ ሽመሎቹም ይመጣሉ።

ሄድቪግ